አርባ ሦስት የጣት አሻራ

ጥር 15 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

…«አውራ ጣቴን ዶማ በልቶታል፤ ሌላውን ልስጥህ?» አለችኝ፤ እኔም የማኅተሙን ቀለም እንደያዝኩ «ደስ ያለሽን ስጪኝ፣ እትዬ» አልኳት፤ ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ፤ ትንሿን ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳርፋ ወረቀቱን ስትጫነው ደግሞ… ከዚያ በኋላ ያለው አይታወሰኝም። ወይም ይታወሰኛል፤ አሁን ግን ስብሰባ ተጠርቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ። ስብሰባው ስብሰባ ስለ መቀነስ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ስላልተቋጨ ሐሙስ ይቀጥላል።

ያችን ሴት ዛሬ ምን እንዳስታወሰኝ አውቃለሁ። ጠዋት የመዝገብ ቤቷ ፋናዬ አንድ አቤቱታ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችልኝ። ከአቶ ዘውዴ ቆዳ ማልፊያ በታች፣ በቦይ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች የጻፉት ነው። ከማልፊያው የሚለቀቀው ውሃ ችግኛቸውን አቃጥሎታል።

«አንብበው» አለች ፋናዬ። «ስምህን አንሥተዋል። ደግሞ በክፉ እንዳይመስልህ፤ ‹የተከበሩ ባለሙያ› ነው ያሉህ።»

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

«እኔ? የተከበረ ሰው ፊት ስቄ አላውቅም።»

ጥር 18፣ ዓርብ

ምሳ ሰዓት። ሸዋ ሮቢት በዚህ ሰዓት ሰው የላትም፤ ባጃጆቹ እንኳ ጥላ ፍለጋ ግንብ ለግንብ ተደርድረዋል። ቢሮው ውስጥ ያለነው እኔና የማይሠራው ማራገቢያ ነን። ሁለታችንም ቋሚ ተቀጣሪዎች ነን።

ሥራዬን ለራሴ ላስረዳው፤ አንዳንዴ ይጠፋኛል። አካባቢን ሊበክል የሚችል ድርጅት፣ የአካባቢ ባለሙያው «ጉዳት የለውም» ብሎ ካልጻፈለት የንግድ ፈቃድ አያገኝም። ባለሙያው እኔ ነኝ። የወረዳው ወንዝ፣ አየርና አፈር በሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ይጠበቃል። ጠረጴዛው አንድ እግሩ ስለሚያጥር የብክለት መቆጣጠሪያ መመሪያውን አጥፈን ከሥሩ አድርገንለታል። መመሪያው ሥራ ላይ አልዋለም የሚል ካለ መጥቶ ይየው።

ድርጅቶች በሦስት ምድብ ይከፈላሉ። ምድብ አንድ ከባድ ጥናት ይጠየቃል። ምድብ ሦስት ምንም አይጠየቅም፤ ልብስ ሰፊ፣ ጸጉር አስተካካይ፣ እንዲህ ያለው ነው። በቀን ሁለት መቶ ቆዳ በኖራና በጨው የሚዘፈዝፈው የአቶ ዘውዴ ማልፊያ በኅዳር ጊዜያዊ ፈቃዱን ሲያገኝ ምድብ ሦስት ውስጥ ነው የገባው። ከጸጉር አስተካካዩ ጋር። ያለ ቦታው ነው አይባልም፤ እሱም ጸጉር ነው የሚያነሣው።

ቅጹ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የኔን ይመስላል።

ጥር 24፣ ሐሙስ

ቦዩ ድረስ ወረድኩ። የውሃ አባቱ ጋሽ አብዱረሂም ተቀበሉኝ። እዚህ ውሃ የሚደርሰው በተራ ነው፤ እያንዳንዱ ገበሬ በየስምንት ቀኑ። ተራውን የሚጠብቁት ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው የውሃ አባት ከሰባት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ነው። ማኅተም የላቸውም። ደብዳቤ ቁጥር የላቸውም። በሃያ ዓመት ውስጥ የአንድ ሰው ተራ ያለ ጥፋቱ አልታለፈም ይባላል። እኛ ጋ ቢሆኑ ኖሮ የአቅም ግንባታ ሥልጠና ይላኩ ነበር።

የቦዩ ዳርና ዳር ነጭ ቅርፊት ይዟል። የችግኙ ጫፍ በሲጋራ የተተኮሰ ይመስላል።

«ናሙና ውሰድ እንጂ» አሉኝ።

«የናሙና ዕቃ የለንም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቅመሰው። ባለሙያ አይደለህ?»

ቀመስኩት። ሪፖርቴ ላይ «በዓይን ምልከታ» ብዬ ጻፍኩ።

ማልፊያው እጣቢውን የሚለቀው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት ውሃው ደህና ነው። ስለዚህ የሁሉንም ተራ ጠዋት ላይ አጨናንቀውታል። «ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንድ ሰዓት አይሞላም» አሉኝ። «እሷን ካጣ ደግሞ የሚቀጥለውን ስምንት ቀን ሰማይ ሰማይ ማየት ነው።»

ስመለስ ጋሽ አብዱረሂም እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። እንዲህ ባይሸኙኝ ይሻል ነበር።

ጥር 29፣ ማክሰኞ

ለአቤቱታው መልስ ተጻፈ። ኃላፊያችን አቶ ገብረሚካኤል ቆመው ተናገሩ፣ እኔ ተቀምጬ ጻፍኩ። «…ድርጅቱ የተቋቋመው ከማኅበረሰቡ ጋር ሰፊ ምክክር ተደርጎ፣ አርባ ሦስት ነዋሪዎች በጣት አሻራቸው ይሁንታቸውን ሰጥተው መሆኑን እየገለጽን…»

«ዝርዝሩ አባሪ ይሁን» አሉ።

«ባይያያዝስ?»

«ለምን? ግልጽነት እኮ መርሐችን ነው፣ ሰለሞን። እንዲያውም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።»

ተለጠፈ።

ስለ ዝርዝሩ። አንድ ቦታ ላይ መጻፍ ካለበት እዚህ ይጻፍ። በጥቅምት የወባ ዘመቻ ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ወጥቶ አጎበር አደለ። ለኔ የደረሰኝ የላይኛው ጎጥ ነው። አጎበር የወሰደ ሰው ስሙ በተጻፈበት ሁለት ወረቀት ላይ ያትማል፤ አንዱ ለወረዳ፣ አንዱ ለዞን። የፕሪንተሩ ቀለም አልቆ ስለነበር ወረቀቶቹ ርእስ አልነበራቸውም። እኛ ዘንድ ርእስ በኋላ ነው የሚሞላው፤ አሠራሩ ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም። ዞን የራሱን ቅጂ አልጠየቀም። መሳቢያ ውስጥ ቀረ። በኅዳር አቶ ገብረሚካኤል የአቶ ዘውዴን የምክክር ቃለ ጉባኤ «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እፈልገዋለሁ» ሲሉ ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ አልነበረም። ወረቀት ግን ነበር። ርእስ ተጻፈለት።

የላይኛው ጎጥ ሰው መሬቱ እዚያው ላይ ነው፤ ከቦዩ ጋር አይገናኝም። ማንም አይጎዳም ተብሎ ታሰበ።

የካቲት 5፣ ሰኞ

ባጃጅ ውስጥ። አጠገቤ ሁለት ሰዎች።

«ከአርባ ሦስቱ የኛ ቦይ ሰው እሷ ብቻ ናት።»

«ጣይባ? ባሏ የሞተባት?»

«እሷው። ላይኛው ጎጥ ከልጇ ጋር ገብታ የለ፤ መሬቷ ግን እኛ ዘንድ ነው። ተራ ቁጥር አንድ ላይ ነው ያተመችው አሉ።»

«እህ። ውሃችንን በሙክት ሸጠችው በለኛ። ተራዋስ?»

«ትናንት ታለፈ። ውሃ አሳልፎ የሰጠ ተራው ያልፋል፣ ሕጉ ነው።»

አንደኛ የሆነችው በጠዋት ተነሥታ ሰልፉን ስለቀደመች ነው። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ መውረጃዬ ደረሰ። በእርግጥ ሁለት መቶ ሜትር ቀድሜ ነው የወረድኩት።

የካቲት 9፣ ዓርብ

መጣች። በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን ለማውለቅ ስትጎነበስ «ግቢ፣ ግቢ፣ እዚህ አይወለቅም» አልኳት። ወንበር አልነበረም፤ የኔን ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም። ስለዚህ ሁለታችን ቆመን ወንበሩ መሐላችን ተቀመጠ።

የመጣችው ልትከሰኝ መስሎኝ ነበር። ብትከሰኝ ኖሮ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንድ ገጽ ተኩል።

«ሰለሞን፣ እኔ መርሳት ጀምሬአለሁ» አለች። «ለአጎበሩ ያተምኩትን አውቃለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ አጎበሩም ሰፊ ነው፤ ልጄም እኔም ገብተን ይተርፋል። ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ማልፊያው ልትጠይቁን መጥታችሁ ነበር እንዴ? ጋሽ አብዱረሂም ወረቀት አይዋሽም አሉኝ። እኔ ነኝ ወይ የረሳሁት?»

«ላጣራልሽ» አልኳት።

«ከየት ነው የምታጣራው?»

«ከመዝገብ ቤት።»

«ጎበዝ። ሰኞ ደግሞ ተራዬ ነው። ችግኙ ከተተከለ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ሥር አልያዘም። ሰኞን ካጣሁ…» አለችና የጨረሰችው በእጇ ነው፤ መዳፏን ገለበጠችው።

ከሄደች በኋላ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ፋናዬ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። የወረቀት ማያያዣ አልኳት። ሰጠችኝ።

የካቲት 12፣ ሰኞ

ዛሬ ጾም ገባ። ዛሬ ተራዋ ነው። ዛሬ ግምገማ ነበር፤ እያንዳንዱ ራሱን ሂስ ያደርጋል።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። «ድክመቴን ለጓዶቼ በግልጽ ማቅረብ እፈልጋለሁ» አልኩ። አቶ ገብረሚካኤል ብዕራቸውን አነሡ።

«ጠዋት ጠዋት አረፍዳለሁ» አልኩ።

ግለ ሂሴ ጥልቀት ያለው ነው ተብሎ ተመሰገነ። ደረጃዬ «ለ» ነበር፣ ወደ «ሀ» ተሸጋገርኩ።

ተራዋ ታለፈ። አቶ ገብረሚካኤል ጉዳዩን ከአንድ ቦታ ሰምተዋል፦ «ውሃው ያቃጥላል ብለው ከከሰሱ በኋላ ውሃ ከለከሉኝ ብሎ ማልቀስ ምን ማለት ነው? እንዲያውም ተጠቅማለች።» ሰዎች ሳቁ። እኔ የሳቅኩት በመጨረሻ ነው፤ አጭር ሳቅ ነው።

የካቲት 19፣ ሰኞ

አቶ ዘውዴ ቢሮዬ መጥተው ወንበሩ ላይ ያለ ግብዣ ተቀመጡ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ሥራዬ ይቀል ነበር። የጊዜያዊ ፈቃዱ ሦስት ወር እየሞላ ነው፣ ቋሚ ፈቃድ ይፈልጋሉ፣ የኔን ደብዳቤ ይፈልጋሉ።

«ሠላሳ ሰው እንጀራ የሚበላበት ቤት ነው፣ ሶሌ። ሽታው ሽታ ነው አልልህም። ግን ልማት ደግሞ ሽቶ ተቀብቶ አይመጣም።»

እሳቸው ሲወጡ አቶ ገብረሚካኤል ገቡ። በር ላይ የተላለፉ አይመስልም፤ የተቀባበሉ ነው የሚመስለው።

«የደብረ ብርሃን ዝውውርህን አይቼዋለሁ። ሦስት ዓመት ከባለቤትህ መለየት ቀላል አይደለም። የኔ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።» ጠረጴዛዬን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «የአቶ ዘውዴም ያንተ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

ማስፈራራት አልነበረበትም። ሁለት የተንጠለጠሉ ጉዳዮችን አስታወሱኝ እንጂ። ጥሩ ኃላፊ ያስታውሳል።

ምሽት ላይ ባለቤቴ መቅደስ ከደብረ ብርሃን ደወለች። ተማሪዎቿ ፈተና ላይ ናቸው። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ አለችኝ፤ አንተ ስትመጣ ብርሃን ትወዳለህ ብዬ። ስለ ጣይባ ልነግራት ጀመርኩ፤ «አንዲት ሴት አለች» አልኩ። «ማን ናት?» አለች፤ ድምጿ ተለወጠ። «የሥራ ነው» አልኩ። ስለ አልጋው ቀጠልን።

የጣይባ ሦስተኛው ተራ ነገ ነው።

የካቲት 27፣ ማክሰኞ

ገበሬዎቹ ለዞን አመልክተው ስለነበር አጣሪ ቡድን መጣ፤ ሦስት ሰዎች። የሚመጡበትን ቀን አስቀድመው በደብዳቤ አሳወቁን፤ ሥነ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ማልፊያው በዚያኑ ቀን «ለአጠቃላይ ጽዳት» ዝግ ሆነ። ያለዚያም ጾም ነው፤ የሚታረድ ከብት ቀንሷል፣ ቆዳውም ቀንሷል። ውሃው ከኛ ጋር ሁዳዴን ይዞ ጠራ። የቡድኑ መሪ የሚጠጡትን የታሸገ ውሃ ጨርሰው በዚያው ፕላስቲክ ናሙና ቀዱ። ሁለቱ ውሃዎች አይለዩም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ። ጣይባ ተጠራች። መሪው ወረቀቱን አሳዩዋት።

«ቁጥር አንድ ላይ ያለው አሻራ ያንቺ ነው?»

አየችው። የትንሽ ጣት አሻራ ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ ያንሳል። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች። ለረጅም ጊዜ አይደለም።

«ጣቱማ የኔ ነው።»

«በቃ፣ እናመሰግናለን።»

«ግን…»

«ተመዝግቧል፣ እናቴ።»

«ጣቱ የኔ ነው» የሚለውን መዘገብኩ። «ግን» የሚለውን አልመዘገብኩም፤ ሐሳቡ ስላልተሟላ።

ኮሪደሩ ላይ ጠብቃኝ ነበር። አሁን ታውቃለች። እንደምታውቅ ያወቅኩት ድምጿን ስላላነሣች ነው።

«መንግሥትን ተወው» አለች። «ማልፊያውም ይኑር። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ለጋሽ አብዱረሂምና ለሽማግሌዎቹ፣ ጣይባ ያተመችው ለአጎበር ነው በላቸው። ከዚያ በኋላ የሚሉህን እኔ እመልሳለሁ። መሬቱ ላይ ከስምንት መደብ ሁለቱ ናቸው የቀሩኝ።»

«ዓርብ እመጣለሁ።»

«የትኛው ዓርብ?» አለች።

መጋቢት 7፣ ዓርብ

ስብሰባ። ሙቀት። ራስ ምታት።

የባጃጅ አድማ ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር። አልነበረም። በመስኮቱ ሦስት ሲያልፉ ቆጥሬአለሁ፤ አንዱ ቀስ ብሎ አየኝ።

መጋቢት 10፣ ሰኞ

ቋሚ ፈቃድ። «በዓይን ምልከታም በናሙና ምርመራም ድርጅቱ በአካባቢው ላይ የጎላ ጉዳት የሌለው መሆኑን እናረጋግጣለን።» «የጎላ» የሚለውን ቃል እኔ ነኝ የጨመርኩት። ታግዬ ነው ያስገባሁት። አቶ ገብረሚካኤል ይውጣ ብለው ነበር፤ አይወጣም አልኩ። የማልረሳው ድል ነው።

ፊርማዬ ያምራል። ሁሉም ሰው ይለኛል።

መጋቢት 14፣ ዓርብ

የዝውውር ደብዳቤው ደረሰ። ያመጣችው ፋናዬ ናት።

«እንኳን ደስ አለህ። በአራት ቀን። የአንድ መስኮት አገልግሎት ሲሉ እኔ እኮ አላምንም ነበር።»

«አመሰግናለሁ።»

ቆመች። መዝገቦቿን እንደታቀፈች ወለሉን እያየች፣ ጣይባ ከቦኖ በአህያ ውሃ እያጋዘች መሆኑን ነገረችኝ። አንድ መደብ ተኩል ይዛለች። ከቦይ ሰው ማንም ሰላም አይላትም፤ ሰርግ ተጠርታ ሄዳ ምግቡ ለሷ ብቻ ተለይቶ ቀረበላት።

«ማን ነገረሽ?»

«ከተማው ትንሽ ነው።» በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሰለሞን።»

ስለ ዓርብ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኳትም። ዕቃ ሳስር ዋልኩ። ብዙ ዕቃ የለኝም፤ ግን በደንብ ነው ያሰርኩት።

መጋቢት 16፣ እሑድ። ደብረ ሲና

መኪናው ቆሞ ውሃ እየጠጣ ነው፤ ዳገቱ ከዚህ ይጀምራል። ብርዱ ከወዲሁ ጀምሯል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሹራብ ለበስኩ፤ የሌላ ሰው ይመስላል።

ጠዋት ወደ መናኸሪያ ስሄድ የባጃጁን ልጅ አዙር አልኩት። እሑድ እሑድ ሽማግሌዎቹ ጋሽ አብዱረሂም ቤት ተሰብስበው የሳምንቱን ተራ ያወጣሉ። ልጁን ጠብቀኝ ብዬ ወረድኩ። ሻንጣውን ለምን ይዤ እንደወረድኩ አላውቅም። ባጃጁ ውስጥ ሊቀር ይችል ነበር።

ጋሽ አብዱረሂምን ውጭ አስጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ ያ ወረቀት ላይ ስህተት ተፈጥሯል።»

«ማን ፈጠረው?»

«ጽሕፈት ቤቱ።»

«ጽሕፈት ቤት እጅ አለው እንዴ?»

ከዚያ ነገርኳቸው። ሁሉንም። የአጎበር ነው፣ ርእሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ስለ ማልፊያው የሰማችው እናንተ በሰማችሁበት ቀን ነው አልኩ። ድምፄ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን አልኩ። ይህን እዚህ ላይ አሰምርበታለሁ።

ሽበታቸውን አሻሹ። አልተቆጡም።

«ወላሂ፣ ይህን ጊዜ ሁሉ እኔም በድያታለሁ» አሉ። «ግን ተራ የምመልሰው ብቻዬን አይደለሁም። ሰባቱም ውስጥ አሉ። እሷም አለች፤ ዛሬም ልትለምን መጥታለች። ግባና በፊታቸው ይህንኑ በል። እኔ ብናገረው አዘነላት ነው የሚሉኝ። አንተ ከተናገርከው ግን አለቀ፤ ነገ ጠዋት ቀኗ ባይሆንም ውሃ ታገኛለች።»

«መኪናው ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው፣ ጋሼ።»

«አንድ ሰዓት ከሩብ ነው።»

ባጃጁ ጥሩንባ ነፋ። የአቶ ገብረሚካኤል የሚስት ወንድም ከሰባቱ አንዱ መሆኑ ትዝ አለኝ። የዝውውር ደብዳቤ ላይ ያለ ፊርማ ሊሰረዝ እንደሚችል ትዝ አለኝ። መቅደስ ያዞረችው አልጋ ትዝ አለኝ። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሊታወሰኝ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

«እስኪ ትንሽ…» አልኩ።

ጋሽ አብዱረሂም ጠበቁኝ። ከዚያ መጠበቃቸውን ትተው ገቡ። ውስጥ ዝቅ ያለ ንግግር፣ ከዚያ የሴት ድምፅ፣ ከዚያ ፈጣን እርምጃ። ጣይባ በሩ ላይ ወጣች። ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር፣ ፊቷ በርቶ ነበር።

«መጣህ» አለች። «መጣህልኝ።»

ከዚያ ሻንጣውን አየችው። ከሻንጣው ወደ ጫማዬ፤ ማሰሪያው እንደታሰረ ነው። ከጫማዬ ወደ ባጃጁ።

«ደብረ ብርሃን ብርድ ነው አሉ» አለች።

«አዎ። ብርድ ነው።»

«በል እንግዲህ፣ አላህ መንገዱን ያቅልልህ» አለችና በሩን ዘጋችው።